ለጎረምሳና ለኮረዳ የሚሆን መጽሐፍ ወዴት አለ?

ባለፈው ክረምት በጎፋ ሠፈር የምንኖር ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰባስበን የሠፈራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እናስጠና ነበር። የተነሣነው ሒሳብና እንግሊዝኛ ለማስተማር ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፃችንን ስለ ዋጠው ትምህርቱን አቆምንና ወሬ ጀመርን። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 14 ዓመት የሆነ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እንደ እኔ ያለች ልጅ ያለችበት መጽሐፍ አለ?» ብላ ጠየቀችን።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን ባዮች ነንና ለመልስ ተሽቀዳደምን። አንዳችን የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ጠራን፤ «እሱን ታናሽ ወንድሜ ጨርሶታል» አለች። ሁለተኛችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጠራን፤ «ጀምሬው ነበር፤ ግን ሰብለ ትልቅ ሴት ናት» አለች። ሦስተኛችን አንድ የትርጉም የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ ጠራን፤ «እሱማ የፈረንጅ ነው» አለች። አራተኛ የሚናገር ጠፋ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ዝም አልን። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

መቸም ሰው የሌለውን ከመፈለጉ በፊት ያለውን መቍጠር ይገባዋልና፣ እስቲ ያለንን እንቍጠር።

ለሕፃናት የተደረገው ቀላል አይደለም። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ጽፈው ስንት ትውልድ ፊደል ከለየ በኋላ በመጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ አድርገውለታል። ሀዲስ ዓለማየሁም ታላቁን ልብ ወለዳቸውን ከማሳተማቸው በፊት በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» በሚል ርእስ የአገራችንን ተረቶች ሰብስበው አቅርበዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ተስፋዬ ሣህሉ ብቅ አሉና፣ በ2009 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አገሩ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» እያለ ጠራቸው። በሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ሲሠሩ የቆዩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በሁለት ቋንቋ የተጻፉ፣ ባለ ሥዕል የልጆች መጻሕፍት ከመቶ በላይ አዘጋጅተዋል። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ድኻ ነው ማለት አይቻልም።

ለአዋቂውም ቢሆን መደርደሪያው ባዶ አይደለም። አፈወርቅ ገብረኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ካሳተሙት ልብ ወለድ ጀምሮ፣ በ1958 ዓ.ም. በ«ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ1962 ዓ.ም. በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» አልፎ፣ እስከ አዳም ረታ ድረስ ሰውን የሚያኮራ ሥራ አለን።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ደረጃ ምን ሆነ? መሰላሉ ከታች ሁለት ሦስት እርካብ አለው፤ ከላይም አለው፤ መካከሉ ግን ባዶ ነው። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ተረቱን ይጥላል፤ የአዋቂውን መጽሐፍ ለማንሣት ግን 18 ወይም 19 ዓመት እስኪሆነው ይጠብቃል። በመካከል ያሉት ስድስት ዓመታት ሕፃን ሲሉት የሚቆጣበት፣ ትልቅ ሲሉት የሚሸሽበት፣ ሁሉን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይበት ጊዜ ነው። ፍቅር፣ እፍረት፣ ቍጣ፣ የጓደኛ ክዳት፣ የአባት ዝምታ፣ የገዛ አካሉ መለወጥ፣ ሁሉም በዚያ ዕድሜ አንድ ላይ ይመጡበታል። መጽሐፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው በዚሁ ጊዜ ሲሆን እኛ ባዶ እጃችንን እናሳየዋለን።

ይህን ስንናገር ሁለት ዓይነት ተቃዋሚዎች እንደሚነሡብን እናውቃለን።

የመጀመሪያዎቹ፣ «የዛሬ ልጅ አያነብም፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ ለማያነብ ሰው መጻፍ ውኃ በወንፊት ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ለሰነፍ ደራሲ ጥሩ መደበቂያ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ባወጣ ጊዜ የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። መጽሐፉ ተደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። ከሁሉ አስቀድመው ከእጅ ወደ እጅ ያዞሩት፣ በክፍል ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ያነበቡትና በመምህር የተነጠቁት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፉ ቀጭን አልነበረም፤ ርእሱም ከየትኛው መዝገበ ቃላት እንደ ወጣ አይታወቅም። ሆኖም አነበቡት። ለምን ቢባል፣ ምስጢር ነበረው፤ ኢትዮጵያዊው ሰው በውስጡ ለዕርዳታ እጁን የሚዘረጋ ሳይሆን ዕውቀትን የጨበጠ ነበረ፤ ከዚህም በላይ አንባቢውን አይመክረውም ነበር። ሐያስያን በዚህ መጽሐፍ ላይ ብዙ እንከን አውጥተዋል፤ እኛም የምናወጣው አናጣም። ነገር ግን ጣዕሙን ከመንቀፍ በፊት ረኃቡን ማየት ይገባን ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ለአንድ ሳህን ሲሰለፍ ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ2018 በሥዕል የተሠራው «ጀምበር» የተባለ የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጣ። አዘጋጁ በስራት ደበበ አዲስ አበባ አድጎ አሜሪካ የሚኖር ወጣት ነው። በልጅነቱ የወደዳቸው ጀግኖች ሁሉ ባዕዳን ስለ ነበሩ፣ እርሱ በአዲስ አበባ ላይ የሚበርር አበጀ። የእኛዋም ልጅ «እሱማ የፈረንጅ ነው» ያለችው ይህንኑ ማለቷ ነበር።

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎች ግን ከበድ ይላሉ። «ጥሩ መጽሐፍ ዕድሜ የለውም፤ እኛ በ14 ዓመታችን ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን አንብበናል፤ ያልቻልነውንም ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በሬዲዮ ሰምተናል፤ ለጎረምሳ የተለየ መጽሐፍ መፈለግ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። የወጋየሁ ድምፅ ስንቱን ማንበብ የማይችል ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያስለቀሰ ነው። በዱሮው ዘመን የ15 ዓመት ሴት ልጅ ወይ ባለ ትዳር ናት፣ ወይ ልትዳር ነው፤ የ15 ዓመት ወንድ ልጅም አራሽ ወይም ቆሎ ተማሪ ነው። ጉርምስና የሚባለው ዘመን አጭር ነበርና የራሱ መጽሐፍ አላስፈለገውም ይሆናል። ዛሬ ግን በጎፋ የ15 ዓመት ልጅ ተማሪ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ተማሪ ሆኖ ይቆያል። ዘመኑ ረዘመ፤ መጽሐፉ ግን አልተጻፈለትም። በሌላም በኩል ታላላቆቹን መጻሕፍት የምናከብር ከሆነ ወደ እነርሱ የሚያደርስ መንገድ መጥረግ አለብን። በ13 ዓመቱ ምንም ያላነበበ ልጅ በ20 ዓመቱ ሀዲስ ዓለማየሁን አይከፍትም፤ ቢከፍትም ለፈተና ነው።

እንግዲህ ይህ ክፍተት ለምን ተፈጠረ?

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በአገራችን አብዛኛው ደራሲ መጽሐፉን ከኪሱ ወይም ከወዳጆቹ ተበድሮ ያሳትማል። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ዋጋው በየጊዜው ይንራል። ገንዘቡን የሚመልስለት ደግሞ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። የ14 ዓመት ልጅ ከታክሲ ሒሳቧ የሚተርፋት መጽሐፍ አይገዛም። በጎፋ ገብርኤል አካባቢ ያሉትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ዞረን ጠይቀናል፤ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ የፈተና ጥያቄና መልስ ሞልቷል። «የልብ ወለድ መጽሐፍስ?» ስንል አንዱ ባለ ሱቅ ሳቀና፣ «እሱን ሜክሲኮ ሂዱ» አለን። ትርፍ ከሌለበት አያስቀምጥምና አንፈርድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከገንዘብ የከፋ ነው፤ እርሱም ምክር ነው። ለዚህ ዕድሜ የሚጻፈው ጥቂቱ ድርሰት፣ ልብ ወለድም ሆነ ግጥም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመክራል። የታሪኩን አካሄድ ገና ከመጀመሪያው ገጽ መናገር ይቻላል፦ ልጅቱ የእናቷን ቃል አልሰማች አለች፤ ከመጥፎ ጓደኛ ገጠመች፤ ተሳሳተች፤ አለቀሰች፤ «ስለዚህ ልጆች ሆይ» ተባለ፤ አበቃ። ይህ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረታችን በሠላሳ ገጽ መዘርዘሩ ነው። ልጅቱ በታሪኩ ውስጥ ሰው አይደለችም፤ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ናት። ሰሌዳን ደግሞ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ያልፈዋል እንጂ ትራስ ሥር አያስቀምጠውም።

ከበደ ሚካኤልም እኮ ምክር ይጨምሩ ነበር የሚለን ይኖራል። አዎን፣ ይጨምሩ ነበር። እርሳቸው ግን በመጀመሪያ ቀበሮውንና ቁራውን እንደ ሰው አናግረው፣ አስቀውንና አሳዝነውን ከጨረሱ በኋላ ነው ምክራቸውን የሚያስከትሉት። ተከታዮቻቸው ምክሩን ወረሱና ታሪኩን ጣሉት። ከዚያም በላይ የሰባት ዓመቱ ልጅ ምክር ሲሰማ ይደሰታል፤ የ14 ዓመቱ ግን ምክር ሲጀመር ጆሮውን ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ሥነ ልቡና መማር አያስፈልግም፤ እኛ ራሳችን ከዚያ ዕድሜ የወጣነው ትናንት ነውና።

ከገንዘቡና ከምክሩ መጋባት የሚወለደውን ደግሞ በ«የኛ» አይተነዋል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ የልጃገረዶች የሬዲዮ ድራማና ዘፈን ጎበዝ ተዋንያን ነበሩት፤ ስለ ያለ ዕድሜ ጋብቻና ስለ ሴት ልጅ ጥቃት በድፍረት ተናግሯል፤ ብዙ ልጃገረዶችም ወደውታል። ይሁን እንጂ ወጪውን ይሸፍን የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ነበረና፣ በዚያ አገር ጋዜጦች ጩኸት ሲነሣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዕርዳታው ተቋረጠ። ዝግጅቱ ከዚያ በኋላ በሌላ መልክ ቢቀጥልም ነገሩ ትምህርት ሰጥቶን አልፏል። ለልጆቻችን የሚነገረው ታሪክ በሎንዶን በሚደረግ ክርክር የሚጸናና የሚናወጥ ከሆነ፣ ታሪኩ የእኛ ነው ማለት ይከብዳል።

ሎንዶንን ካነሣን ዘንድ አንድ የሚያሳፍረንን ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2001 ቤንጃሚን ዘፋንያ የተባለው እንግሊዛዊ ባለ ቅኔ «ስደተኛው ልጅ» ሊባል የሚችል ልብ ወለድ ለወጣቶች አሳተመ። የታሪኩ ባለቤት ዓለም የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ምክንያት በሁለቱም አገር መኖር ስላልቻለ አባቱ ሎንዶን ወስዶ ጥሎት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ያረፈው ይህ ደራሲ ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ፣ ኢትዮጵያን ከሩቅ የሚወድ ሰው ነበር። የእርሱ መጽሐፍ ስለ ልጁ ኀዘን ይናገራል እንጂ ልጁን አይመክረውም። በእንግሊዝ አገር ያሉ ተማሪዎች የእኛን ልጅ ታሪክ በክፍላቸው ሲያነቡ፣ በአዲስ አበባ እናቱ ወይም አባቱ የተወሰዱበት ልጅ ግን በቋንቋው ምን ሰጠነው?

ምን ይጻፍ ለሚለን ሰው ርእስ ከጎፋ ብቻ ልንቈጥርለት እንችላለን። እናቷ አረብ አገር ሄዳ በስልክ መስኮት የምታሳድጋት ልጅ አለች። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳ ተነሥቶ ከተማ ዳር የሄደ ጓደኛውን የሚናፍቅ ልጅ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአንድ ደረጃ ላይ ሦስት ቋንቋ የሚነገርባቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ግን በር ለበር ሰላምታ የተነፋፈጉ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምቶ፣ «ታዲያ እኔ ለምን እማራለሁ?» ያለ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለ። እነዚህ ልጆች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው አላጡም፤ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሬዲዮኑም ይነግራቸዋል። ያጡት፣ «አዎን፣ እንዲህ ይሰማል» የሚላቸውን ነው።

ስለ ግጥም ደግሞ ለብቻው እንናገር። በግጥም በኩል ጎረምሳው ከእኛ ይልቅ ሀብታም ነው። ቡሄ በደረሰ ጊዜ የጎፋ ልጆች ጅራፋቸውን ጥለው፣ ዱላቸውን ይዘው በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሲወጡ አዳምጧቸው። የሰጣቸውን ያሞግሱታል፤ የነፈጋቸውን በሁለት ስንኝ ያዋርዱታል። ቤት መድፋቱን ማንም አላስተማራቸውም። ልጃገረዶቹም በእንቍጣጣሽ አበባ ይዘው እንዲሁ ያደርጋሉ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ያው ልጅ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ሲቀርብ ሌላ ሰው ይሆናል፤ «እናት»፣ «አገር»፣ «ትምህርት ብርሃን ነው» እያለ አዋቂ የሚወደውን ይደረድራል። የደረጃው ላይ ቀልዱና ቍጣው ወዴት ሄደ? እኛ ነን ያስጣልነው። ግጥም ማለት ጨዋ ሆኖ መቆም ነው ብለን አስተማርነውና የገዛ አንደበቱን አሳፈርነው።

ይህን ስንል የራሳችንን ቤት ታሪክ አንርሳ። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቀን «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያነብ የእኛ እኩያ ተማሪ ነበር። ግጥሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው የተማሪው ሥራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አዳራሽ የማይነገረውን ስለ ተናገረ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ በዚያን ቀን ግን በቅቷል።

እንግዲህ ነቅፎ መተው ለማንም አይጠቅምምና፣ የሚቻለንን እናቅርብ።

በመጀመሪያ፣ የሚጽፈው ማን ነው ቢባል እኛ ነን። የተከበሩት ደራስያን ልጅነታቸውን የሚያስታውሱት በናፍቆት ነው፤ አዳም ረታ በ«ግራጫ ቃጭሎች» የልጅነትን ዓለም እንዴት እንዳየው ያነበበ ያውቃል፤ የጻፈው ግን ለአዋቂ ነው። እኛ ግን ጉርምስናን ገና አልናፈቅነውም፤ ቍስሉ አልደረቀልንም። ይህ በሌላ ሥራ ጕድለት ሲሆን በዚህ ሥራ ግን ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ አሳታሚ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህች መጽሔት በምን ትታተማለች? በማባዣና በወረቀት። ከየእትሙ ጋር ከሦስት እስከ አምስት ገጽ የሚሆን አንድ አጭር ልብ ወለድና ጥቂት ግጥም ለብቻ ተባዝቶ፣ በጎፋና በአካባቢው ላሉት ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያዎች ቢሰጥ ወጪው ከአንድ የምረቃ ድግስ ኬክ አይበልጥም።

ሦስተኛ፣ ዳኞቹ እኛ አንሁን። የተጻፈው በመጀመሪያ ለስምንተኛና ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ይነበብ። የሰለቻቸው ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ እኛም ያንን ቦታ እንቁረጠው። አንድ ሕግ ብቻ ይኑረን፦ «ስለዚህ ልጆች» የሚል ቃል ያለበት ጽሑፍ አይታተም።

አራተኛ፣ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ወመዘክር፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉት አንባቢዎች የሚሆነውን በአንድ መደርደሪያ ቢያኖሩ ዕቃው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ሁሉም በዓይኑ ያይ ነበር። ባዶ መደርደሪያ ከረጅም ንግግር ይልቅ ያስጨንቃል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ጥያቄ በዛ የሚል ካለ፣ እኛም በዚያ ቀን እንዲሁ ብለን ነበር ለማለፍ የፈለግነው። ሆኖም ልጅቱ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣችና ከደብተሯ መካከል አራት ገጽ ቀድዳ ሰጠችን። ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ልጅቱ ከጎፋ ማዞሪያ በታክሲ ትሳፈርና ሒሳቧን ሳትከፍል ትወርዳለች፤ ረዳቱ ሳይጠይቃት ያልፋታል፤ እርሷም ቀኑን ሙሉ እያየኝ ይሆን ወይ ስትል ትውላለች። መጨረሻው ላይ ምንም አይደርስባትም፤ ምክርም የለበትም። የፊደል ስሕተቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከመካከላችን አንብቦ ዝም ያላለ የለም።

ሌላው ደግሞ የእናንተ ነው። በሚመጣው ክረምት እዚያው ቆርቆሮ ሥር እንቀመጣለን። ጽሑፍ ያለው በኅብረቱ ቢሮ ያድርስልን፤ የሌለው ደግሞ ዛሬ ማታ ይጀምር።